እድር ለሞት ብቻ ነው ወይ? ከቦሌ አራብሳ የተነሳ ጥያቄና 24 መልሶች

ጥያቄውን የጻፍኩት ማክሰኞ ማታ፣ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የሚወያዩበት መድረክ ላይ ጣልኩትና ተኛሁ። አምስት ስድስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር። እስከ እሁድ ጠዋት 24 መልስ መጣ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ፣ በተለይ ለእድራችን አባላት፣ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። እኔ ቦሌ አራብሳ ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ። ሁለት ልጆች አሏቸው። እሱ የቀን ሠራተኛ ነው። ግንባታ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እሷ ለጎረቤት እንጀራ እየጋገረች ታግዘው ነበር። አሁን እሱንም ሕፃኑንም ስታነሳ ስታስተኛ፣ ምጣዱ ሥር የምትቀመጥበት ጊዜ አጣች።

እድራችን ገንዘብ አለው። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው። ሰው ሲሞት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ይተከላል። ሰው በቁሙ ሲወድቅ ምን እንደምናደርግ ግን መተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ መስመር የለም። እነሱ ደግሞ ተከራይ ስለሆኑ አባል አይደሉም። ወረዳው የራሱ ድጋፍ አለው። ጤና ጣቢያው አለው። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ በጎ አድራጎቱም እንዲሁ። ቤተሰቡ ግን የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። እድር በሩን የሚያሳይ፣ አብሮም የሚሄድ ሊሆን አይችልም ወይ? የሞከራችሁ አላችሁ ወይ? ብዬ ጠየቅኩ።

1ኛው መልስ ከአያት ነበር። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው የጻፉት። በትህትና አመስግነውኝ ጀመሩ። እድር ለቀብር ብቻ ሆኖ እንደማያውቅ አስታወሱን። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ፣ የቀድሞ ሰፈራቸው እድር በየሳምንቱ መቅበር ሲሰለቸው ደንቡን አሻሽሎ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ እንደጀመረ ጻፉ። ያኔ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች እንዲህ አድርገዋል። ወደ ዳር ወጥተን ኮንዶሚኒየም ስንገባ እድሩን ይዘን መጣን፣ ያንን ልማድ ግን እዚያው ተውነው ባይ ናቸው።

2ኛዋ ከየካ አባዶ ናት። አጭር ናት መልሷ። እነሱ ጋ እድሩ ስብሰባ እስኪጠራ የሴቶቹ እቁብ ቀድሞ ጉዳዩን ጨርሶ ይገኛል። መስከረም ላይ ለሁለት ቤት ልጆች ጫማና ደብተር የገዙት እነሱ ናቸው።

3ኛው ቆጣ ብሎ ነው የገባው። የእድር ገንዘብ የሟች ገንዘብ ነው አለ። ለቁም ሰው ከተከፈተ ዓመት ሳይሞላ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። ያባቱ እድር በብድርና በእርዳታ ስም ተበልቶ፣ አባቱ ሲሞቱ ድንኳን ከሌላ ሰፈር ተከራይተው እንዳለቀሱ ጻፈ። ይሄን ሳነብ ዝም አልኩ። ቁጣው ከምን እንደመጣ ይገባኛል።

4ኛዋ ናት ውይይቱን መስመር ያስያዘችው። ማኅበራዊ ጉዳይ ላይ የምትሠራ ባለሙያ ናት። መጀመሪያ 3ኛውን አረመችው። ጠያቂው ገንዘብ ይሰጥ አላለም፣ አገናኝ ይኑር ነው ያለው አለችው። ቀጥላም ሐሳቡ አዲስ እንዳልሆነ አስረዳች። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ፣ የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረት የሚባል ነገር ያውቃል። እድሩ፣ የሃይማኖት ተቋሙ፣ ነጋዴው፣ የጤና ባለሙያውና የወረዳው ሰው አንድ ላይ ተቀምጠው የተቸገረውን የሚለዩበት ነው። በየቦታው ግን እኩል አልቆመም። አንዳንዱ ጋ በደንብ ይሠራል፣ አንዳንዱ ጋ ማኅተም ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ በሮቹን ቆጠረችልን። ለድሃ ቤተሰብ ሥራና ድጋፍ የሚሰጠው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት አለ፤ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ፤ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ክትባት፣ የነፍሰ ጡር ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። በከተማው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ አለ። ይሄን ሁሉ ዘርዝራ ስታበቃ፣ ትልቁ ችግር የድጋፍ እጦት ብቻ አይደለም አለች። ከሁሉም ደጅ ተራርቆ የሚኖረው ቤተሰብ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው። የሰማ ዕለት ደግሞ ምዝገባው አልቋል።

እኔ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የዚያ ቤት ትልቁ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ይበላል። እናቱ እንደነገረችኝ ቅዳሜ ጠዋት ገና አይኑን ሲገልጥ ሰኞ መቼ ነው ብሎ ይጠይቃል።

5ኛው መልስ ለ4ኛዋ ነበር፤ መራር ነው። በሩ አለ ማለት ይከፈታል ማለት አይደለም አለ። እህቱ ከገጠር መጥታ ሦስት ዓመት ተከራይታ ኖራለች። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ አምጪ አሏት። መሸኛውን ስታመጣ የቤት ባለቤት ይምጣና ይመስክር አሏት። ባለቤቱ አልመጣም። መታወቂያ የሌለው ሰው ሴፍቲኔት ይመዝገብ፣ ጤና መድን ይግባ ማለት ቀልድ ነው ብሎ ጻፈ። ይሄ የብዙ ተከራይ ታሪክ ስለሆነ ማንም አልተከራከረውም።

የተከራከረችው 6ኛዋ ናት፣ አከራይ ነች። ሁሌ ባለቤት ላይ ማላከክ ይብቃ አለች። ተከራዩን ባስመዘግብ ግብሩን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ እኔም ከባንክ ብድር ላይ ነው የምኖረው አለች። 7ኛው መልስ እንደገና የመምህሩ ነው፤ ልጆቼ እንደማመጥ ብለው አበረዱ። 8ኛው ሕጉን አመጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ግዴታ ነው። ስለዚህ የተመዘገበ ውል ለተከራዩ የሚኖርበትን ቦታ ማስረጃ ይሆነዋል፤ እድሩ ባለቤቱን አግባብቶ ውሉን ቢያስመዘግብ የመጀመሪያውን በር ከፈተ ማለት ነው አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

9ኛው፣ 10ኛውና 11ኛው ከመንገድ ወጡ። ስለ ኪራይ ዋጋ፣ በፈረቃ ስለሚመጣ ውሃ፣ ከመገናኛ ማታ ታክሲ ስለማጣት ነበር። እውነት ናቸው፣ ግን የሌላ ቀን ወሬ ናቸው።

12ኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ትንሹ ልጅ ስንት ወሩ ነው? ክንዱ ተለክቷል ወይ? ሁላችንም ስለ ደንብና ስለ መታወቂያ ስንጯጯህ ስለ ሕፃኑ የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። የክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ልጁ ክፉኛ ተጎድቷል፣ ቶሎ ሕክምና ይፈልጋል አለች። ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው መሃል ከሆነ ደግሞ እየተጎዳ ነው። ለመለካት ወረቀት አያስፈልግም፣ ይዛችሁልኝ ኑ ብላ ጻፈች፤ ቦታውን በውስጥ መስመር ላከችልኝ።

ሐሙስ ጠዋት ከእናቱ ጋር ሄድን። ልጁ 14 ወሩ ነው። መለኪያዋ ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ናት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ቀለም አላት። ባለሙያዋ የግራ እጁን እጅጌ ሰበሰበችና ከትከሻው እስከ ክርኑ ያለውን መሃል በጣቷ ፈለገች። ጥብጣቧን አዞረቻት። ልጁ ጫፏን ይዞ ወደ አፉ ሊወስዳት ታገለ። ቀስቱ 12.1 ላይ ቆመ፣ ቢጫው ላይ። እናቱ ቀለሙን ሳይሆን የባለሙያዋን ፊት ነበር የምታየው። ባለሙያዋ በጊዜ ደርሰንበታል ብላ ፈገግ አለችላት። ገንፎው ውስጥ እንቁላልና ዘይት እንድትጨምርለት አስረዳቻት፣ የክትትል ቀጠሮ ሰጠቻት፣ በ15 ወሩ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት እንዳለበት ካርዱ ላይ ጻፈችላት። እንቁላሉን ከየት አመጣዋለሁ የሚለውን እናቲቱ ለኔ ነው በመንገድ ላይ ያለችኝ። ይሄኛውን እቁባቸው ከእድራቸው የሚቀድመው የየካ አባዶ ሴቶች ቢሆኑ አንድ ቀን አይፈጅባቸውም ነበር።

13ኛው መልስ እኔን ነው የወቀሰው። ወቀሳው ልክ ነው። የሰው ገመና አደባባይ ላይ አወጣህ አለኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ላይ የብሎኩ ቁጥር ነበረበት። ጎረቤት የሆነ ሰው ማን እንደሆኑ በአንድ ደቂቃ ያውቃል። መርዳት ከፈለግክ ክብራቸውን ጠብቀህ እርዳ ሲል ጻፈ። ቁጥሩን ወዲያው አጠፋሁት። ማታውን ቤታቸው ሄጄ ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኩ። አሁን የምታነቡትን ለሁለቱም አንብቤላቸው የፈቀዱትን ብቻ ነው የጻፍኩት። ስም በእድር ስብሰባ ላይ ጭምር እንዳይጠራ የሚል ሐሳብ ያመጣሁትም ከዚህ መልስ በኋላ ነው።

14ኛው ከጀሞ የጻፈ ሙስሊም ወንድማችን ነው። እነሱ ጋ የመስጊዱ ኮሚቴና የሰፈሩ እድር አብረው ይሠራሉ። ዘካው ለማን እንደሚገባ ኮሚቴው የሚያጣራው የእድሩን ሰዎች ጠይቆ ነው። በረመዳን የሚታደለው አስቤዛ ደግሞ በሌሊት በር ላይ ይቀመጣል እንጂ ማንም ተሰልፎ አይቀበልም። 13ኛው ሰው ይሄን አንብቦ አመሰገነ፣ እኔ የምለው እንዲህ ነው አለ።

ከዚያ 15ኛው መጣ። ይሄ ሁሉ ሕዝቡን ልመና ማስተማር ነው አለ። ሰው ሠርቶ ይብላ። ቃላቱ ከዚህም የከፉ ነበሩ፣ አልደግማቸውም። እግሩ የተሰበረ ሰው ምን ሠርቶ እንደሚበላ አልነገረንም። 16ኛዋ፣ ራሷ ሴፍቲኔት ውስጥ የነበረች እናት፣ ረጋ ብላ መለሰችለት። ሴፍቲኔት ስትገባ የተሰጣት መጥረጊያና አካፋ ነው። መንገድ ጠርጋለች፣ ችግኝ ተክላለች፣ ቦይ አጽድታለች። ከምታገኘው ላይ 20 በመቶው በስሟ ባንክ ይቀመጥ ነበር። ሥራ የማይሰጣቸውና ዝም ብለው የሚደገፉት መሥራት የማይችሉት ብቻ ናቸው፤ ሽማግሌዎች፣ ሕመምተኞች፣ አካል ጉዳተኞች። ዛሬ ቆጮና አትክልት ትነግዳለች። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ እንደምትወጣም ነገረችው። 15ኛው ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።

17ኛውን ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ነው። አባቱ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። እድሩ ቀብሮ አልተወውም። በየወሩ አንድ የእድሩ ሽማግሌ ባለሱቁ ጋ ሄደው የእናቱን የዱቤ ደብተር ያዩ ነበር። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ። የሚችሉትን ከፍለው መስመር ያሰምሩበታል። እናቱ ማን እንደከፈለ የሚነግራት አልነበረም። እሱ ግን ልጅ ስለነበረ ሱቅ ይላካል፣ አይቷል። ባለፈው ዓመት የሽማግሌው ቀብር ላይ ደብተሩን ለልጆቻቸው አሳያቸው። እናቱ እስከዛሬ አስቀምጣው ነበር።

18ኛው ለዚህ አሜን ብቻ ነው ያለው።

19ኛው ግን ለኛ እድር ትልቁን ነገር የነገረን ሰው ነው። ከቱሉ ዲምቱ ነው የጻፈው። እነሱም 3ኛው ያነሳው ፍርሃት ነበረባቸው። የቀብሩን ገንዘብ ማንም አይነካም ብለው ወሰኑ። ከዚያ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ለሰርግ፣ ለልደት፣ ለክርስትና ማከራየት ጀመሩ። የኪራዩ ገቢ በሌላ የባንክ ደብተር ይቀመጣል፤ ለቁም ሰው የሚውለው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሰው መርጠዋል፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሥራቸው ገንዘብ ማደል አይደለም፤ ከተቸገረው ቤተሰብ ጋር አብሮ መሄድ ነው። ወረዳ አብረው ይገባሉ፣ ጤና ጣቢያ አብረው ይሰለፋሉ፣ ነገ ተመለሱ ሲባል ነገ አብረው ይመለሳሉ። የታክሲውን የሚከፍለው የድንኳኑ ገንዘብ ነው። ብቻውን የሄደ ሰው ሦስቴ ከተመለሰ ይተወዋል፣ ሁለት ሆኖ የሄደ ግን አይተወውም አለ። እኔ የፈለግኩት ይሄንን ነው። ገንዘቡ ቢያንስም አብሮ የሚሄድ ሰው ይኑር።

20ኛው ያው 3ኛው ሰውዬ ነው። ተመለሰ። ከደንቡ ላይ የተጻፈበትን ገጽ ፎቶ አንስተህ ላክልን ብሎ የቱሉ ዲምቱውን ጠየቀ። ያባቱን እድር የጎዳው ሁለቱ ገንዘብ በአንድ ሳጥን መቀመጡ እንደነበር ጨምሮ ጻፈ።

21ኛዋ ሳትለሳለስ ተናገረች። የእድር ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ ሁሉ ወንድ ነው። ማን ቤት ጭስ እንዳልወጣ የምታውቀው ግን በውሃ ሰልፍ ላይ የምትቆመው ሴት ናት። እሷን ሳትጠይቁ የተቸገረን መለየት አትችሉም አለች። የኛ ኮሚቴ ሰባት ሰው ነው። ሰባቱም ወንዶች ነን።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ስለ ድጋፍ ነበር የምናወራው። 22ኛው መልስ ግን ነገሩን ገለበጠው። ሰውዬው ሥራ ላይ እያለ አይደለም ወይ የወደቀው? ብሎ ጠየቀ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊነት አለበት። የቀን ሠራተኛም ሠራተኛ ነው። የሕክምናው ወጪና የካሳው ጉዳይ ከእድር በፊት መጠየቅ ያለበት ከአሠሪው ነው አለ። እናንተ ምጽዋት ስትሰበስቡ የሰውየው መብት እያለፈ ነው ሲል ጨረሰ።

በጣም አፈርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱን ስጠይቀው የነበረው ምን ቸገረህ ብዬ ነው። እንዴት ወደቅክ ብዬ አልጠየቅኩትም። አርብ ማታ ሄጄ ጠየቅኩት። አሠሪው የመጀመሪያውን ቀን ሆስፒታል አድርሶት፣ ጥቂት ብር ትራሱ ሥር አስቀምጦ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት እንደተወ ነገረኝ። ውል የሚባል ነገር አልፈረመም።

23ኛው የግንባታ ፎርማን ነው። ውል ባይኖርም ተስፋ አትቁረጡ አለ። በየ15 ቀኑ ገንዘብ ሲቀበል የሚፈርምበት ፔሮል ይኖራል። አብረውት የሠሩ ልጆች ምስክር ይሆናሉ። ሆስፒታል የገባበት ቀን ካርዱ ላይ አለ። እነዚህን ሳይጠፉ አሁኑኑ ሰብስቡ ሲል አሳሰበ። 24ኛዋ፣ የሕግ ተማሪ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት መክፈል ለማይችል ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ጠቆመች። ከሱ በፊት ግን የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ የሚያየውን የመንግሥት ቢሮ ጠይቁ አለች።

እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት የእድራችን ስብሰባ ነበር። ስም አልጠራሁም። ሁለት ሐሳብ አቀረብኩ፤ የድንኳኑን ኪራይ በሌላ ደብተር ማስቀመጥና ሁለት አጃቢ መምረጥ። አንደኛው ብዙ አከራከረ። አንድ አባት ድንኳኑ ሰርግ ላይ እያለ ሰው ቢሞትስ ብለው ጠየቁ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ለሚቀጥለው ወር አደረ። ሁለተኛው አለፈ። አንዷ አጃቢ እንጀራ በመጋገር የምትተዳደር፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖር እናት ናት። እሷን የጠቆሟት ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። ሌላው እኔ ነኝ። ተከራይ አባል ይሁን የሚለውን ገና አልደፈርነውም።

የልጁ የጤና ካርድ፣ የሆስፒታሉ ካርድና አብረውት የሠሩ የሁለት ልጆች ስልክ ቁጥር አንድ የፕላስቲክ ማህደር ውስጥ ገብተዋል። ክራንች ከጎረቤት ተውሰናል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በራቸው ላይ እንገናኛለን ተባብለናል።